የተለወጠ ዳሌ፣ ያልተለወጠ ቤት
(በመሐንዲሶች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)





የሰው ዳሌ የኩሽኔታን ሥራ የሚሠራ አካል መሆኑን ለዚህ ጉባኤ በሰፊው ማስረዳት አያሻም። የጭን አጥንት ራስ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ የዳሌው ጎድጓዳ ደግሞ ይህን ክብ እንደ ጽዋ ይቀበለዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልም አጥንትና ፈሳሽ ሰበቃውን እጅግ ስለሚቀንሰው በፋብሪካ ከሚሠሩት ኩሽኔታዎች ብዙዎቹ ከእርሱ ጋር አይወዳደሩም። ይህ አካል ያለ መለዋወጫ ሰባና ሰማንያ ዓመት ያገለግላል። ሆኖም በእርጅና ሲያልቅ፣ ወይም የአጥንቱ ራስ ደም አጥቶ ሲሞት፣ ወይም በልጅነት በደረሰ ሕመም ቅርጹ ሲበላሽ፣ ወይም ስብራቱ ሳይጠገን ሲቀር ሰውየው በመጀመሪያ ያነክሳል፤ ቀጥሎ ሌሊት እንቅልፍ ያጣል፤ በመጨረሻም ከደጁ መውጣት ያቆማል።

መድኃኒቱ የተበላሸውን አንጓ አውጥቶ ሰው ሠራሽ አንጓ መተካት ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ቴሚስቶክሌስ ግሉክ የተባለ ሐኪም በርሊን ላይ በዝሆን ጥርስ ሞክሮት ነበር። ዛሬ በመላው ዓለም ለሚሠራበት ዘዴ መሠረት የጣለው ግን በላንክሻየር፣ በራይቲንግተን ሆስፒታል ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ ነው። ቻርንሊ የሐኪም ልብስ የለበሰ መሐንዲስ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኳሱን ከማይዝግ ብረት፣ ጽዋውን ከቴፍሎን ሠራ። ቴፍሎኑ ለሰበቃ ተስማሚ ቢሆንም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተበላ፤ ፍርፋሪውም የበሽተኞቹን ሥጋ አስቆጣ። በ1962 አንድ ነጋዴ ለሽመና መኪና ጥርሳም ማርሽ የሚሠራበትን ከባድ ፖሊኤቲሊን ይዞ መጣ። ቻርንሊ ናቀው፤ ቴክኒሽያኑ ሃሪ ክሬቨን ግን በመፈተሻ መሣሪያው ላይ አስሮ ቀንና ሌሊት አስኬደው። ለሳምንታት ሠርቶ የተበላው፣ ቴፍሎን በአንድ ቀን ከሚበላው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በቴክኒሽያን እጅ የተገኘው ይህ ውጤት ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን ያስኬዳል። ብረቱን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዘው አክሪሊክ ስሚንቶም ማጣበቂያ ሳይሆን፣ ክፍተትን ሞልቶ ጭነትን በእኩል የሚያስተላልፍ መሆኑን ቻርንሊ ራሱ ደጋግሞ ያስገነዝብ ነበር። ይህንንም መሠረት የሚያፈስ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ቻርንሊ የኳሱን ስፋት 22 ሚሊ ሜትር ያህል አደረገው። ኳሱ ባነሰ ቁጥር ሰበቃው በጽዋው ላይ የሚፈጥረው የማዞር ኃይል ያንሳል። ነገር ግን ትንሽ ኳስ ከጽዋው ለመውጣት የሚቀረው መንገድ አጭር ነው። ዛሬ 32 እና 36 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ኳሶች በብዛት የሚገቡት አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ኳሱ ቢሰፋም የተቆረጠው ሥጋና ጅማት እስኪጠገን ድረስ አዲሱ ዳሌ የመውለቅ አደጋ አለበት። ቀዶ ሕክምናው በኋላ በኩል የተደረገ እንደ ሆነ የሚያወልቁት እንቅስቃሴዎች የታወቁ ናቸው፤ ይኸውም ጉልበትን ከዳሌ ከፍ አድርጎ መቀመጥ፣ ወደ መሬት ማጎንበስ፣ እግርን ወደ ውስጥ ማዞርና አንዱን እግር በሌላው ላይ ማጣመር ነው። ሐኪሞች እነዚህን ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ሳምንት ሲከለክሉ ቆይተዋል። በአሁኑ ጊዜ አንዳንዶቹ፣ በተለይም በፊት በኩል የሚሠሩት፣ ክልከላውን አላልተውታል። ስለዚህ በሽተኛው ሊከተለው የሚገባው የገዛ ሐኪሙን ቃል ነው።

እነዚህ የተከለከሉ እንቅስቃሴዎች በለንደን ወይም በበርሊን ለሚኖር ሰው ጥቂት ጥንቃቄ የሚጠይቁ ናቸው፤ አልጋው ከፍ ያለ፣ መጸዳጃው መቀመጫ ያለው፣ ምድጃው በወገብ ልክ የቆመ ነውና። የእንግሊዝ ንግሥት እናት እ.ኤ.አ. በ1995 በዘጠና አምስት ዓመታቸው ዳሌያቸውን አስለውጠው ቆመው ሄደዋል። በአገራችን የገጠር ከተማ ግን የተከለከሉት እንቅስቃሴዎች ሲደመሩ ከማለዳ እስከ ማታ ያለውን ኑሮ በሙሉ ይሸፍናሉ። እንግዲህ መሐንዲሱን የሚመለከተው ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ለምሳሌ ያህል በብድሬ የሚኖሩ አንዲት የስልሳ ዓመት እናት በአዲስ አበባ ዳሌያቸውን አስለወጡ እንበል። ብድሬ ቀድሞ በባሌ ዞን ሥር የነበረችው የመዳ ወላቡ ወረዳ ከተማ ናት፤ ወረዳዋም ስሟን ያገኘችው በኦሮሞ ትውፊት የመነሻ ምድር ተብሎ ከሚከበረው ስፍራ ነው። በሮቤ ያለው ዩኒቨርሲቲም የሚጠራው በዚሁ ስም ሲሆን የጎባ ሪፈራል ሆስፒታልም የማስተማሪያው ሆስፒታል ነው። ሙሉ የዳሌ ለውጥ በአብዛኛው የሚደረገው በአዲስ አበባ ስለ ሆነ እኒህ እናት ከሆስፒታል ሲወጡ በመጀመሪያ ወደ ሮቤ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛሉ። ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጎባ በኋላ መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ወደ ሆነው ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣል፤ ከዚያም በሐረና ደን ጠመዝማዛ ወደ ደሎ መና ይወርድና ወደ ብድሬ ያቀናል። ለጤነኛ ሰው ይህ መንገድ በአገሪቱ ካሉት ውብ መንገዶች አንዱ ነው። ዳሌው ለተለወጠ ሰው ግን የአውቶቡሱ ወንበር ዝቅ ያለ፣ በወንበሮቹ መካከል ያለው ቦታ ጠባብ፣ የመንገዱም መንቀጥቀጥ ብዙ ነው። ረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ደግሞ በእግር ሥር ደም እንዲረጋ ያደርጋል። የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል። ስለዚህ ጉዞው ለሁለትና ለሦስት ቀን ቢከፈል፣ ተሳፋሪዋም በየሰዓቱ ወርደው ጥቂት እርምጃ ቢሄዱ፣ ከመቀመጫቸው ሥር ጠንካራ ትራስ ቢደረግላቸው ይመረጣል። ይህን ለሾፌሩ አስቀድሞ መንገር የቤተ ሰቡ ሥራ ነው፤ ሾፌር ደግሞ ሲነገረው የሚረዳ ሰው ነው።

ከቤት ሲደርሱ ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል። ቡና ይፈላል፤ ለበሽተኛዋም ዱካ ይቀርብላቸዋል። ዱካ ከመሬት ከአንድ ስንዝር ብዙም የማይርቅ መቀመጫ ነው። በዚያ ላይ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ ከዳሌው በላይ ይሆናል፤ ለመነሣትም መላ ሰውነቱን ወደ ፊት መጣል ይኖርበታል። ይኸውም ሐኪሙ አታድርጉ ያለው አንድ በአንድ የተፈጸመበት ሁኔታ ነው። መቀመጫ ከጉልበት ቁመት ከፍ ማለት አለበት። ለአብዛኛው ሰው ከ45 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ በግራና በቀኝ ሲነሡ የሚጫኑት መደገፊያ ያስፈልገዋል። አልጋውም እንደዚሁ ነው። በመሬት ላይ የተዘረጋ ፍራሽ ወይም ዝቅተኛ መደብ ለተኛው ሰው ምቹ ቢሆንም ከእርሱ መነሣት አደጋ አለው። አልጋ ካለ በአራቱ እግሮቹ ሥር የእንጨት ጉማጅ ማስገባት ይቻላል፤ ጉማጁ ግን የአልጋው እግር የሚገባበት ጉድጓድ ካልተፈለፈለበት ሊንሸራተት ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው የመጸዳጃው ነገር ነው። ስለዚህ ጉዳይ በአደባባይ መናገር ያሳፍራል ተብሎ ስለሚታለፍ፣ ከሆስፒታል በሚሰጠው ምክር ውስጥም ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይቀራል፤ ስለ ሆነም በዚህ ጉባኤ ጥቂት ቢነገርበት ተገቢ ነው። በአብዛኛው ቤት መጸዳጃው በግቢው ጥግ ያለ፣ ወለሉ የእንጨት ርብራብ ወይም የኮንክሪት ክዳን የሆነ ጉድጓድ ነው። ሰው የሚጠቀምበት ቁጢጥ ብሎ ነው። ቁጢጥ ማለት ደግሞ ዳሌን እስከ መጨረሻው ማጠፍ ነው። ይህን የሚያውቁ በሽተኞች ከመፍራታቸው የተነሣ ምግብና ውሃ ይቀንሳሉ፤ ከዚህም ድርቀትና ድካም ይመጣል።

መፍትሔው ግማሽ ቀን የማይፈጅ የአናጢ ሥራ ነው። ወንበሩ አራት እግር ያለው፣ መካከሉ ክፍት የሆነ፣ ከ45 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለውና በግራና በቀኝ የክንድ መደገፊያ የተገጠመለት መሆን አለበት። ለመታጠብ እንዲያመች እንጨቱ ተልጎ ቀለም ይቀባል። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ይረሳሉ። አንደኛው፣ በሽተኛ ቀስ ብሎ አይቀመጥም፤ የመጨረሻዋን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይወድቃል። ስለዚህ ወንበሩ የሰውየውን ክብደት ብቻ ሳይሆን ቢያንስ እጥፉን መሸከም አለበት። ፈተናውም ቀላል ነው፤ ሁለት ጎልማሶች አብረው ይቀመጡበት። ሁለተኛው፣ ሰው ሲነሣ መደገፊያውን ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላም ስለሚገፋው፣ ወንበሩ በወለሉ ላይ ካልታሰረ ወደ ኋላ ይሸሻል። ሦስተኛው ወለሉ ራሱ ነው። ቀድሞ ክብደቱ በሁለት እግር መርገጫ ላይ ያርፍ የነበረው አሁን በአራት ጠባብ እግሮች ላይ ይወድቃል፤ ርብራቡ የበሰበሰ እንደ ሆነ ወንበሩ ተከላካይ መሆኑ ቀርቶ አደጋ ያመጣል። ስለዚህ ከወንበሩ በፊት ርብራቡን ማየት ያሻል።

ወደ መጸዳጃው የሚወስደው መንገድም የሥራው አካል ነው። በባሌ ደጋ ገበሬው ገናና ቦና በሚባሉት ሁለት ወቅቶች ያመርታል። ለገበሬው በረከት የሆነው ይህ ዝናብ ለእግረኛው በዓመት ሁለት ጊዜ ጭቃ ነው፤ ደሎ መናንና ብድሬን ጨምሮ ዝቅ ባለው አገርም ዝናቡ በሁለት ወቅት ይመጣል። ጥቁሩ አፈር ሲረጥብ ምርኩዝን ይውጣል፤ ጫማንም ያንሸራትታል። ከቤት እስከ መጸዳጃ ያለውን ሃያ ሜትር አፈሩን ጠርጎ፣ ድንጋይ ረብርቦና ጠጠር አልብሶ፣ በአንድ በኩል ውሃ የሚሄድበትን ቦይ መክፈት የሁለት ሰው የሁለት ቀን ሥራ ነው። በዚያው መንገድ ላይ መንገድ ቀያሽ እንደሚያደርገው በየ10 ሜትሩ ችካል ቢተከል የእርምጃ መለማመጃ ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት እስከ ሁለተኛው ችካል፣ በሚቀጥለው ደርሶ መልስ፣ እያለ ይጨምራል። በሽተኛ «ዛሬ ከትናንት ይሻላል» ብሎ ከመገመት በችካል ቢቆጥር ይበረታል።

ጎረቤት «ዕረፊ፣ አትነሺ» ማለቱ ከፍቅር የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ፍቅር በሽተኛዋን አልጋ ላይ ያስቀራቸዋል። በዘመናዊ ሆስፒታል በሽተኛው ከቀዶ ሕክምናው በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ተነሥቶ እንዲቆም የሚደረገው ሥራ ስለ በዛ አይደለም። ጡንቻ ሳይሠራ በዋለበት ቀን ሁሉ ይሰልላል፤ ደምም ይረጋል። ሁለተኛው ከፍቅር የሚመጣ አደጋ ወጌሻ መጥራት ነው። ወጌሻነት የተከበረና ለብዙ ዘመን ሕዝቡን ያገለገለ ሙያ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ብረትና ፖሊኤቲሊን የገባበት ዳሌ የሚታሽና የሚጎተት አይደለም። በድንገት ከባድ ሕመም ከተሰማ፣ እግሩ አጥሮ ወደ ውስጥ ከዞረ፣ መቆምም ካልተቻለ ዳሌው ወልቋል ማለት ነው፤ የሚመለሰውም በሆስፒታል በማደንዘዣ ነው። ባት አብጦ ቢያም፣ ትንፋሽ ቢያጥር፣ ቁስሉም ፈሳሽ ቢያወጣ እንደዚሁ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

አሁን ወደ ምርኩዙ እንለፍ። ብዙ ሰው ምርኩዝን የሚይዘው በታመመው እግር በኩል ነው፤ ሲታይ ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን ስሕተት ነው። የ60 ኪሎ ግራም ሰው በአንድ እግሩ ሲቆም ዳሌው የሚሸከመው ከቆመበት እግር በቀር ያለውን ሰውነት፣ ማለትም 50 ኪሎ ያህሉን ነው። የዚህ ክብደት መካከል ከአንጓው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ርቆ ይገኛል። ሰውነቱ እንዳይወድቅ የሚይዙት የዳሌ ጡንቻዎች ደግሞ ከአንጓው የሚርቁት ወደ ውጭ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ሚዛኑ እንዲጠበቅ ጡንቻዎቹ በ100 ኪሎ ኃይል መሳብ አለባቸው። በአንጓው ላይ የሚያርፈው የሁለቱ ድምር 150 ኪሎ ይሆናል። በርሊን ውስጥ መለኪያ በተገጠመላቸው ሰው ሠራሽ ዳሌዎች የተደረገው ምርመራም በእርምጃ ጊዜ ዳሌው ከሰውነት ክብደት ከሁለት እጥፍ በላይ እንደሚሸከም፣ ሰው ተሰናክሎ ለመውደቅ ሲንገዳገድ ደግሞ ጭነቱ ከዚያ ብዙ እጥፍ እንደሚያድግ አሳይቷል።

ምርኩዙ በጤነኛው በኩል ባለው እጅ ሲያዝ ከአንጓው 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። በዚያ እጅ 5 ኪሎ ብቻ ቢጫኑ 5 ጊዜ 50 ማለትም 250 ይሆናል፤ ይህም ጡንቻዎቹ ሊቋቋሙት ከነበረው 500 እኩሌታው ነው። ጡንቻዎቹ አሁን የሚስቡት 50 ኪሎ ሲሆን በአንጓው ላይ የሚያርፈውም ወደ 95 ኪሎ ይወርዳል። በአምስት ኪሎ የእጅ ግፊት ከዳሌ ላይ 55 ኪሎ ተነሣ ማለት ነው። ስሌቱ የተቃለለ ነው፤ ሰው ሲራመድ ወደ ጎን ያዘነብላልና። ነገሩን ግን በግልጽ ያሳያል። ምርኩዙ በታመመው በኩል ሲያዝ ይህ ረጅም ክንድ ይጠፋል፤ ሰውየውም ወደዚያው ወገን እያዘነበለ ሌላ ልማድ ያበጃል።

የምርኩዙ ቁመት ሰውየው ጫማውን አድርጎ ቀጥ ብሎ ሲቆም እስከ እጅ አንጓው ድረስ መሆን አለበት። በገበያ የሚገኘው ዱላ ብዙውን ጊዜ ለእረኛ እንጂ ለበሽተኛ የተቆረጠ ስላልሆነ ይረዝማል፤ በረዘመ ቁጥርም ትከሻን ያነሣል። ጫፉ ላይ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ተቆርጦ የተገጠመ ክብ ካለበት በድንጋይም በስሚንቶም ላይ አይንሸራተትም። ጎማው ሲለሰልስ መለወጥ አለበት፤ ይህን በየወሩ የሚያይ አንድ የቤተ ሰብ አባል ቢመደብ መልካም ነው።

በትር መያዝ ያሳፍራል የሚሉ አሉ። በባሌ ግን ይህ አባባል ሥፍራ ሊኖረው አይገባም። ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚሄደው ምዕመን ጫፉ መንታ የሆነ በትር ይዞ ነው የሚሄደው። የኦሮሞ እናቶች ሲንቄ የክብራቸውና የመብታቸው ምልክት ነው። ካህናቱም ከመቋሚያቸው ጋር ነው የሚቆሙት። እንግዲህ ሦስት ወር ምርኩዝ መያዝ ለማን ነውር ይሆናል? ስለ ስግደትም እንዲሁ ነው፤ በእስልምናም በክርስትናም ለታመመ ሰው ተቀምጦ መጸለይ የተፈቀደ ስለ ሆነ ወንበር በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም ጥግ ሊገኝ ይገባል።

ለደረጃ ያለው ደንብ አጭር ነው፤ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ ምርኩዙና የተለወጠው እግር ይቀድማሉ። ደረጃው ራሱ ግን የመሐንዲሱ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱትና፣ መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉት ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። ከሕንፃ አዋጁ ሁለተኛው ሐረግ ልብ ሊባል ይገባዋል። ዳሌው የተለወጠ ሰው በተሽከርካሪ ወንበር አይሄድም፤ ስለዚህ ዘበኛውም ሠራተኛውም ችግሩን አያዩትም። መራመድ እየቻለ ደረጃ ላይ የሚቆም ሰው ግን እርሱ ነው።

ወለሉ ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወይም የጤና ጣቢያ በአንድ ለ12 ተዳፋት እንዲደረስበት ከተፈለገ 7 ሜትር ከ20 የሚረዝም መወጣጫ ይጠይቃል። በየሥፍራው እንደሚታየው ሁለት ሜትር የማይሞላ ቀጥ ያለ ስሚንቶ አፍስሶ «ለአካል ጉዳተኞች» ብሎ መጻፍ ሕጉን ማታለል ነው፤ በዝናብም ጊዜ ጤነኛውን ሳይቀር ይጥላል። ቦታ ከጠበበ ለባለ ምርኩዝ ከመጥፎ መወጣጫ ይልቅ ቁመታቸው 15 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አራት እኩል ደረጃዎችና 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የእጅ መደገፊያ ይሻላሉ። መደገፊያው በሁለቱም በኩል መሆን አለበት፤ ወጥቶ የሚወርድ ሰው ፊቱን ሲያዞር ቀኙ ግራ ይሆናልና። ይህ ቀላል ነገር በብዙ ፕላን ላይ ተዘንግቶ ይታያል። እኩል ያልሆነ ደረጃ ደግሞ ከረጅም ደረጃ የባሰ ነው፤ እግር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ለክቶ ሦስተኛውን በልማድ ስለሚረግጥ።

በወጥ ቤት በኩል ምድጃን ከጉልቻ ወደ 75 ወይም 80 ሳንቲ ሜትር መደብ ከፍ ማድረግ ከበሽተኛዋም አልፎ ለልጆቻቸው ወገብ ይጠቅማል። ከስሚንቶና ከቀላል ድንጋይ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ እንዲህ ባለ መደብ ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ መደቡ ግን ሙቀቱንና የምጣዱን ክብደት የሚችል ድንጋይ እንጂ እንጨት መሆን የለበትም።

በመጨረሻ በባሌ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ እርሱም ፈረስ መቼ እቀመጣለሁ የሚለው ነው። በከተማ ያሉ ሐኪሞች ይህን ጥያቄ እንደ ቀልድ ሊወስዱት ይችላሉ፤ በደጋው ግን ፈረስ ማለት ገበያ፣ ለቅሶና ሰርግ ማለት ነው። ለለመደ ጋላቢ ፈቃዱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ወራት ካለፉ በኋላ ሐኪሙ አይቶ ነው። አደጋው በመቀመጡ ብቻ አይደለም፤ እርካብ ረግጦ እግርን በኮርቻው ላይ በማሻገሩና በመውደቁም ነው። ለመውጣት በቤቱ አጠገብ ሁለት ወይም ሦስት እርከን ያለው፣ የላይኛው ጫፉ ሰፊና ደልዳላ የሆነ፣ በጭቃ ሳይሆን በስሚንቶ የተያያዘ የድንጋይ መቆሚያ ይሠራል። ቁመቱ የሚለካው በፈረሱ ነው፤ ጋላቢው በላዩ ሲቆም እርካቡ ከጉልበቱ በታች መዋል አለበት። ፈረሱም በሰው ተይዞ ከመቆሚያው ጋር ተጠግቶ ይቆማል፤ ይህንም ጋላቢው በአልጋ ላይ ባለበት በእነዚያ ወራት ማስለመድ ይቻላል።